የሃምሳ ዘጠኝ ዝናብ

ሰኔ አሥራ አራት ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ በጨፌ ዲማ የወይን እርሻ ዝናብ ይዘንባል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቆይና ያባራል። በወይን እርሻው ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ስለሌለ በዚያ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ልብስ ወይም በርበሬ የሚያሰጣ አይገኝም። ግንቦት ሦስት ለሰባት ደቂቃ በረዶ ይጥላል። የካቲት ሃያ ወደ ማታ ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ስለሚመጣ፣ ልቡ የሸፈተ ጎረምሳ ሁሉ የሚናገረውን ነገር ለዚያች ምሽት ያቆያል። ጳጉሜ ስድስት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትሰማለች፤ በሌሎቹ ዓመታት ዘለዋት ያልፋሉ።

እርሻውን ሸፍኖ አየሩን ከሚሠራው ጣራ ውጭ ያለው አገር እንዲህ ያለውን ወግ ከተወ ቆይቷል። ውጭ ክረምቱ አንዳንዴ በሚያዝያ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይቀራል፣ አንዳንዴ የሦስት ዓመቱን በአንድ ሳምንት ያወርደዋል። በጣራው ሥር ግን ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለት ሺህ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። የዚያ ዓመት ወይን ጠጅ ባሕር ማዶ ስም ስላወጣ ባለቤቶቹ ሌላ ዓመት እንዲመጣ አልፈለጉም። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ይነቃና የሃምሳ ዘጠኝን ቀን ጠርቶ አየሩን ያነባል። የሚያነበው ከሶሊያና ደብተር ነው።

እትዬ ሶሊያና ስልሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሶሊያና፣ ናርዶስ፣ ሄራን የሚባሉት ዛሬ ጉልበታቸውን እያሹ የሚነሱ አሮጊቶች ናቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ከመቃብር አንስተው አጥናፉና ይመኙሻል ሆነዋል። በሃምሳ ዘጠኝ የሶሊያና ሥራ በቀን ሦስት ጊዜ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና የዝናብ መለኪያውን አይታ በደብተር መጻፍ ነበር። ጣራውን የሠሩት መሐንዲሶች ያን ደብተር ሲያገኙ እንደ ታቦት ነበር ተሸክመው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ተገለበጠ። ድሮ አየሩ ያደረገውን ትጽፍ ነበር፤ አሁን አየሩ የጻፈችውን ያደርጋል፤ እሷም ከደብተሩ አለመውጣቱን በቀን ሦስት ጊዜ እየዞረች ታያለች። ወጥቶ አያውቅም።

ድምፅ ማጉያው የሚመርጠው ነገር የለም፤ ደብተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል። በሃምሳ ዘጠኝ ታኅሣሥ አራት ቀን ሶሊያና ማስታወሻ በሚጻፍበት በምርመራው ረድፍ ላይ "እርሳሴ ጠፋ" ብላ ጽፋ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ያ ትልቅ ድምፅ በሸለቆው ላይ "ፀሐይ፤ ነፋስ ከምሥራቅ፤ እርሳሴ ጠፋ" ብሎ ያውጃል፤ ልጆቹም አብረውት ይጮኻሉ። ይህች ቃል አንድ ሰሞን ሶሊያናን ታስቃት ነበር።

አሁን ደክሟታል፤ የደከማት ደግሞ እግሯን አይደለም። ነገ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን ብሎ መተኛት ምን ይመስል እንደነበር ረስታዋለች። ከሁሉም የሚብስባት ኅዳር አሥራ አንድ ነው። በዚያ ቀን ድምፅ ማጉያው "ፀሐይ፤ ነፋስ ቀላል፤ ዝናብ የለም" ይላል። አሥራ ሁለትም እንዲሁ፣ አሥራ ሦስትም እንዲሁ። ሰው በእነዚያ ሦስት ብሩህ ቀናት ደስ ብሎት ሲውል ሶሊያና በሯን ዘግታ ትተኛለች። የባሏ የኪሩቤል ሙት ዓመት ስለሆነ ማንም አያስቸግራትም።

የእርሻው መዝገብ ኪሩቤል "በደረቅ ቦይ ውስጥ ወድቆ" ሞተ ይላል። በትልቁ በር አጠገብ በሥራ ላይ ያረፉ ሰዎች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፤ የሱ ስም የለበትም። ድንጋዩ ከዓመታት በኋላ ሲቀረጽ፣ በቦታው ያልነበሩት ባለቤቶች በጠራራ ፀሐይ ደረቅ ቦይ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ አሉ፤ ደብተሩ ተገለጠ፤ ደብተሩ ፀሐይ ነበረ አለ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ደብተሩን የጻፈችው ሚስቱ ናት።

ችግሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከታችኛው ማሳ ጀመረ። የወይኑ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ያር ጀመር። ጠጁን ሊቀምሱ በየጥር ከባሕር ማዶ የሚመጡት ሰዎች መጀመሪያ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ዝም አሉ፤ ዘንድሮ ግን "መጨረሻው ላይ ጨው አለ" ብለው በጽሑፍ አስቀመጡት። ባለቤቶቹ ስብሰባ ጠርተው ቁርጡን ተናገሩ። የሚቀጥለው ጥር ቅምሻ እንደ ሃምሳ ዘጠኙ ካልሆነ ወይኑ ይነቀላል፤ ጣራው ተፈትቶ ይሄዳል። ሰባ ቤተሰብ ደግሞ ወደ ውጭ፣ ወደ አቧራው ይወጣል። ስብሰባው ሲያልቅ ያጨበጨበ አንድ ሰው ነበር፤ ከልማድ ነው።

ሰኔ አሥራ አራት፣ የሃያ ሁለቱ ደቂቃ ዝናብ እንዳባራ፣ አጥናፉ ወደ ሶሊያና ደጃፍ መጣ። አጥናፉ የጣራው ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጠብታ ሳያዛንፍ የሚያዘንብ፣ ሰው ፊት ግን አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው። ሁለት ያረጁ ወረቀቶች ይዟል።

"እትዬ ሶሊያና፣ ትንሽ ላስቸግርዎት?"

"አስቸግረኝ፤ ምን ሥራ አለኝ።"

"የሃምሳ ዘጠኝ የአፈር ምርመራ ነው። ጥቅምት ላይ አፈሩ ጨው በጨው ነበር። ጥር ላይ ተመልሰው ሲለኩት የለም። የት ሄደ?"

"እኔ የአፈር ሰው አይደለሁም።"

"ጨው አይተንም፣ እትዬ። ካልታጠበ እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ማሳ የሚያጥብ ደግሞ ከባድ ዝናብ ነው። በደብተሩ ከጥቅምት እስከ ጥር አንድ ጠብታ የለም።"

"እንግዲህ ደብተሩ ያለው ነው ያለው።"

አጥናፉ መሬት መሬቱን አየ። "የኅዳር አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ሙቀት" አለ፣ "ከስምንት፣ ከዘጠኝና ከአሥር ጋር አንድ ነው። በነጥብ እንኳ አይለያይም።"

"አየርም ይደግማል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲደግም እያየኸው አይደለም እንዴ?"

 ወረቀቶቹን መደቡ ላይ ትቶላት ሄደ። ሶሊያና እስኪመሽ አልነካቻቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ኅዳር አሥራ አንድ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደ። ፍሬው ገና እንደ ሽምብራ ጠጣር ነበር። የቦዩ ጠባቂ ኪሩቤል ውሃው ማሳው ላይ ተኝቶ ሥሩን እንዳያበሰብሰው መዝጊያውን ሊከፍት ወረደና ጎርፍ ወሰደው። ሶሊያና ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ከተማ የሚቀመጠው የበላይ ኃላፊ ደብተሩን ሲጠይቃት ሦስት ቀን ባዶ ነበር። ባዶ ረድፍ አይቀርብም። ብዕሩን ያዘች፤ "ዝናብ" ብላ ልትጽፍ እጇ እምቢ አለ። ካልጻፈችው ያልሆነ፣ ከጻፈችው የሚጸና መሰላት። ከዝናቡ በፊት የነበሩትን ሦስት ቀናት ገለበጠች፤ ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ። ሐዘንተኛ የጻፈው ደብተር አንድ ቀን ሰማይ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ብትናገር ዝናቡ ይመጣል። ለአንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ቢሆን በቻለችው፤ ይህ ግን በየዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ እስክትሞት ይመጣል። ዝም ብትል ደግሞ ሰባ ቤተሰብ ዕቃውን ተሸክሞ በትልቁ በር ይወጣል። ሐምሌን በዚህ ሐሳብ ጨረሰችው። መስከረም ላይ የወይኑን ሐረግ ሲገርዙ አብራ ቆማ አየች፤ ገራዦቹ መቁረጫቸውን ሲያነሱ እንደ ዱሮው አይቀልዱም። አንዷ ሴት "ለማን ብለን ነው የምንገርዘው?" አለች።

በዚያው ሳምንት ወደ ጋሽ ኦብሳ ሄደች። ኦብሳ የትልቁ በር ዘበኛ ነው፤ ሰማንያውን አልፏል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የማይመጣ እንግዳ ይጠብቃል።

"ጋሽ ኦብሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው።"

"የመጣሽው ስለ ጨው ነው። ድሮ ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ነበር የሚባለው። ዘንድሮ ለራስህ ስትል ተወን እያልነው ነው።"

አልሳቀችም። "የሃምሳ ዘጠኝን ኅዳር ያስታውሱታል?"

ኦብሳ ዱላውን ከግራ ጉልበቱ ወደ ቀኝ አዛወረ። "ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻውን ከምረን ርሶ አልነድ ያለን ዓመት ነው። ነጭ ጋዝ ብናፈስበትም እምቢ አለ። አንቺ አላየሽም፣ ድንኳን ውስጥ ነበርሽ።"

ሶሊያና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። "ያውቃሉ ማለት ነው።"

"የዚያን ዘመን ሰዎች አራት ቀርተናል። አራታችንም እናውቃለን።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት?"

"አንቺን ብለን ነዋ! ሰማይ ሊሠሩ ሲመጡ ተመካከርን። የሦስት ቀን ዝናብ ብትቀር ማንን ትጎዳለች፣ የሷ ልብ ይረፍ አልን። ስለ አፈሩ ምን እናውቃለን፣ ሶሊ? ደግ የሠራን መስሎን ነበር።"

 ሶሊያና ለብቻዋ የተሸከመችው ይመስላት የነበረው ነገር አራት ሰው ሲያግዛት ኖሯል፤ ልቧ መሞቅም መቁሰልም ያዘው።

"አንድ ነገር ግን ነግሬሽ አላውቅም" አለ ኦብሳ። "ኪሩቤልን ፍለጋ የወረድኩት እኔ ነኝ። የቦዩ መዝጊያ እስከ ላይ ተነሥቶ ነበር። ከፍቶት ነው የሞተው፣ ሶሊ። ሳይከፍተው ቢወስደው ኖሮ ውሃው በማሳው ሁሉ ላይ ይተኛ ነበር፤ ያ ጠጅም አይኖርም፣ ይህ ጣራም አይኖርም።"

መበለት ከሆነች ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት ሶሊያና ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ተናደደች። ማንን እንደተናደደች ግን አላወቀችም፤ ምናልባት ፀሐይ ብላ የጻፈችውን ሴት ነው።

"ብናገር የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሊሆንብኝ ነው" አለች እየተነሣች።

"እስካሁንስ ስታለቅሺ አይደል የኖርሽው?" አለ ኦብሳ። "ዝናብ የሌለው ለቅሶ ሆኖ ነው እንጂ።"

በማግሥቱ አጥናፉ ቢሮ ገባች። ወንበር እስኪስብላት አልጠበቀችም። "ጻፍ" አለችው።

ጻፈ። መጀመሪያ የጠየቀው ሰዓቱን ነበር።

"ኪሩቤል ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።"

"ኃይሉስ?"

"በቆርቆሮው ላይ አላነጋግር አለን። 'ቦዩን ልየው' ያለኝን ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።"

አጥናፉ ጽፎ ቀና አለ። "መቼ ቀነሰ?"

"ሲያመጡት። ካፊያ ነበር። ፊቱ ላይ ሲያርፍ በነጠላዬ እጠርግ ነበር፣ ስለዚህ ካፊያ ነው። ድንኳኑን ሲተክሉ እንደገና ጣለ። ድንኳኑ ውሃ ሲያቁር ወንዶቹ በእንጨት እየገፉ ያፈሱት ነበር።"

"በየስንት ደቂቃው?"

"እንዴት አድርጌ ልንገርህ? አልቃሿ አንድ ግጥም አውርዳ፣ ሴቶቹ ተቀብለው፣ ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል።"

ልጁ ሰዓቱን አይቶ በልቡ አሰላ። ስድስት ደቂቃ ጻፈ። በማግሥቱ ወደ ቀብር ሲሄዱ ቆሞ ነበር፤ ሰማዩ ግን ዝቅ ብሎ ጠቁሯል። ከቀብር መልስ እጅ ሲታጠቡ ጀመረ፤ ንፍሮው ሲቀርብ በረታ፤ የእድሩ ዳኛ ሊናገር ተነሥቶ ድምፁ ስላልተሰማ ተመልሶ ተቀመጠ። በሰልስቱ እስከ ቀትር ወረደ። ከዚያ ብርድ ሆነ፤ ሰው ጋቢ ለበሰ። ሶሊያና ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረችው። አንዲት ሰዓት አልሳተችም። ሦስቱን ቀን አለመጻፏ እንጂ ሳታነባቸው የዋለችበት ቀን አልነበረም።

"መለኪያውስ?"

"በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ሞልቶ ፈስሶ ነበር። ሳላየው ደፋሁት።"

አጥናፉ እርሳሱን አስቀመጠ። መስኮቱ አጠገብ ሄዶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ሳይመልስ "ቀኑን ላዛውረው እችላለሁ" አለ። "ጨው ቀን አይለይም። ኅዳር ሃያ ላደርገው፣ ሃያ አምስት ላደርገው እችላለሁ። እርስዎ ቤት ሆነው፣ ሌላ ዝናብ ነው ብለው..."

ሶሊያና አሰበችበት። እውነት ለመናገር በጣም አጓጓት። ድካሟ ሁሉ እሺ በይ አላት።

"ተወው" አለችው። "ቀኑ የሱ ነው።"

ከዚህ በኋላ በእርሻው የሆነውን ቀድሞ መናገር ይቻላል። ጥር ላይ ቀማሾቹ መጥተው አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ እርስ በርስ ተያዩና ያለ ምንም ቃል ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቁ። ጣራው አልተነሣም፤ የትኛውም ቤተሰብ አልወጣም። የሃምሳ ዘጠኝ ዝናብም ለዘለቄታው በፕሮግራሙ ገባ። ኅዳር አሥራ አንድ ጠዋት ላይ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው "የሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኅዳር አሥራ አንድ" አለ። "ጠዋት ፀሐይ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከባድ ዝናብ።"

ሰው ከየቤቱ ወጣ። አዲስ ቃል ከሰማ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነውና ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። አንዱ ልብሱን አስገባ፣ አንዷ ደግሞ ያስገባችውን መልሳ አወጣችው። በጣራው ሥር የተወለዱት ልጆች "ነገስ?" እያሉ እናቶቻቸውን ይጠይቁ ጀመር፤ ጥያቄው ለእናቶቹም እንግዳ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሶሊያና ወደ ቦዩ ወረደች። መዝጊያውን ዛሬ ሞተር ነው የሚከፍተው። በእጇ ልትከፍተው ፈልጋ አጥናፉን ሞተሩን እንዲያጠፋው ለምናው ነበር፤ አደጋ አለው ብሎ እምቢ አላት፤ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ የወይን ሣጥን የሚያስሩበትን ገመድ ይዞ መጣና አንዱን ጫፍ በወገቧ ላይ ጠመጠመ። ሌላውን ጫፍ እሱ ያዘ። ጋሽ ኦብሳ ወንበሩን አስይዞ መጥቶ ከበላያቸው ተቀመጠ፤ ጃንጥላ ይዟል፤ አልዘረጋውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ።

ያው ነው። ድምፁ ያው፣ ሽታው ያው፣ በትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ያው ነው። ሶሊያና ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። አጥናፉ ከኋላዋ አንድ ነገር ይጮኻል፤ አይሰማም። ቦዩ መጀመሪያ ቡናማ አረፋ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ቀጥሎ ግንድና ቅጠል ይዞ መጣ። የብረቱን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። አልዞር አላት። እንደገና ሞከረች። እንዴት ከባድ ነው! ለካ እንዲህ ነበር የታገለው። አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ስሙን እየጠራች አለቀሰች፤ እጇን ግን አልለቀቀችም። ሦስተኛው ላይ እጀታው ዞረ፤ መዝጊያው ተነሣ፤ ውሃው ታችኛውን ማሳ ለቆ እየጮኸ ወደ ሐይቁ ወረደ። ገመዱ ወገቧ ላይ ተወጠረ። አጥናፉ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ ወደ ኋላ ተጋድሞ ይስባል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ካፊያ ሲሆን፣ ልብሷን ሳትቀይር ወደ መለኪያው ሄደች። ጎንበስ ብላ አየችው። ስልሳ አንድ ሚሊ ሜትር። አልደፋችውም፤ መጀመሪያ ጻፈች። ያንን አሮጌ ደብተር ከተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን አስወጥታ አስመጥታው ነበር። "ፀሐይ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና በላዩ "ዝናብ" አለች። በጎኑ ስልሳ አንድ አለች። ጽሕፈቷ ይነበባል።

ከዚያ ወደ ምርመራው ረድፍ ዞረች። ድምፅ ማጉያው ደብተሩ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያነብ፣ ምንም እንደማይመርጥ ታውቃለች። በሚመጣው ዓመት ኅዳር አሥራ አንድ ጠዋት፣ ከዚያም በኋላ ባለው ዓመት፣ እሷ ካለፈችም በኋላ፣ ጣራው እስካለ ድረስ ይህችን መስመር ለሸለቆው በሙሉ ይናገራል። እርሳሱን በምላሷ አርሳ ጻፈች፤

ኪሩቤል ቦዩን ከፈተ።